6,000 ስፒልና አንድ ክር

ክሩ ድሮ ነጭ ነበር፤ አሁን የሻይ መልክ ይዟል። ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለው። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በማስመሪያ ብለካው 18 ሴንቲ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። የእኔ እግር ነው። እማዬ በ1973 ዓ.ም. መሬት ላይ አቁማኝ፣ ከተረከዜ እስከ አውራ ጣቴ ለክታ፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጥራ፣ ደብዳቤ ውስጥ አጥፋ፣ አሰብ ወደብ ጭነት ቆጣሪ ለነበረው አባቴ የላከችው ነው። ጫማ እንዲገዛልኝ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። 26 ዓመት ሙሉ ገቢ ደብዳቤ ተቀብዬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅደር ከፍቼ፣ ወጪውን መዝግቤ፣ ግልባጩን አስሬ ኖሬአለሁ። ወረቀት የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ጡረታው የሚዘገይበት አለ፣ የውርስ ጉዳዩ ዓመት የሚጎተትበት አለ። የገዛ ቤቴን ወረቀት ግን ቂርቆስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ወደ ኮዬ ፈጬ ስንመጣ በቆርቆሮ ሳጥን አድርጌ በረንዳ ላይ፣ ከከሰሉ ጆንያ ጎን አስቀመጥኩት። ቤቱ ጠባብ ነው፣ በኋላ አስገባዋለሁ ብዬ ነበር። አምስት ክረምት አለፈ። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ዝናብ ከላይ ወደ ታች አይደለም የሚዘንበው፤ ከሜዳው የሚመጣው ነፋስ አግድም እየነዳ በረንዳውን ይገርፈዋል። ባለፈው ሐምሌ መጨረሻ ሳጥኑን ስከፍት የታችኛው ደርብ እንደ ቂጣ ተጣብቆ ጠበቀኝ።

እርጥብ ወረቀት በጉልበት አይላቀቅም። ፀሐይ ላይም አይሰጣም፤ ቀለሙን ትበላዋለች። ሰፌዶቹን ሁሉ አወጣሁ፣ ከጎረቤትም ሁለት ተዋስኩ፣ ሳሎን መሬት ላይ ደረደርኳቸውና እንደ በርበሬ እያገላበጥኩ፣ ነፋሱ እንዳይወስዳቸው ነጠላ እየደረብኩ ስምንት ቀን አደረቅኳቸው። በብልቃጥ ቀለም የተጻፉት ፈስሰው ሰማያዊ ደመና ሆነዋል። በቢክ የተጻፉት ድነዋል። በመጨረሻ ስቆጥር 63 የአባቴ ደብዳቤዎች ተረፉ።

እነዚያን ስምንት ቀናት ማታ ማታ በስልኬ ስለ ረጠበ ወረቀት ስፈልግ ነው የአዳምስን ቤተሰብ ያገኘኋቸው። ለእርጥብ ወረቀት የሚሆን ምክር ፈልጌ ገብቼ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት የሰው ደብዳቤ ሳነብ አመሸሁ። ከዚያ ወዲህም አልተላቀቅሁም።

ለማያውቃቸው በአጭሩ፦ ጆን አዳምስ የአሜሪካ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ነው፤ ልጁ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ስድስተኛው። ሚስቱ አቢጌል ናት። የተጋቡት በ1764 ነው (የአሜሪካኖቹን ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን ቤት በእኛ ዓ.ም. እጽፋለሁ)። እሱ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ እንድትወጣ ለሚደረገው ትግል ፊላደልፊያ ተቀምጦ፣ በኋላም አውሮፓ ተልኮ፣ እሷ ከቦስተን አጠገብ ብሬንትሪ በምትባል የገበሬ አገር ልጆችና እርሻ ይዛ ለዓመታት ተለያይተው ኖረዋል። በመካከላቸው የተጻጻፉት ከ1,100 በላይ ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ቦስተን የሚገኘው የማሳቹሴትስ ታሪክ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ፎቶ ከተገለበጠው ጽሑፍ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ለሰው ሁሉ ከፍቶታል። የሰረዘችው ይታያል። ከመስመሩ በላይ የጨመረችው ይታያል።

ብዙ ሰው አቢጌልን የሚያውቃት በማርች 31፣ 1776 በጻፈችው ነው፤ አዲሱን ሕግ ስታወጡ ሴቶችን አስቡ ብላ ለባሏ የላከችው። እሱም እስቃለሁ እንጂ ምን እላለሁ ብሎ ነው የመለሰላት። ይህ በየቦታው ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ስፒሉ ነው።

በጁን 1775 አጋማሽ፣ ጦርነቱ ደጇ ደርሶ ሳለ፣ ፊላደልፊያ ላለው ባሏ ስፒል ግዛልኝ ብላ ጻፈችለት። አገሩ ሁሉ ስፒል ብሎ እየጮኸ ነው፣ ድሮ በ7 ሺሊንግ ተኩል እንገዛው የነበረው አሁን 20 ሺሊንግ ገባ፣ በዚያም አይገኝም ትለዋለች። አንዱ እሽግ 6,000 ስፒል ይይዛል ብላ እስከ ስንት መክፈል እንዳለበትም ትነግረዋለች። ያን ሰሞን ነው የባንከር ሂል ውጊያ የተደረገው፣ ጁን 17። አቢጌል ሰባት ዓመቱን የያዘውን ጆን ኩዊንሲን ይዛ ፔንስ ሂል ከሚባለው ኮረብታ ላይ ወጥታ ከተማ ሲቃጠል አይታለች፤ የቤተሰቡ ሐኪምና ወዳጅ የነበረው ዶክተር ዋረን እዚያ ወድቋል። ስፒሉና ውጊያው በዚያው በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ናቸው።

ይህን ለእማዬ ተርጉሜ ሳነብላት ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል «ታዲያ ስፒል ከሌለ ልብሱ በምን ይያዛል?» አለችኝ። የታሪክ መምህር እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም።

እማዬ መጀመሪያ ላይ ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ለአባቴ የሚላከውን የምትጽፈው ታላቅ እህቴ ናት፤ እማዬ እየቆላች ትናገራለች፣ እህቴ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር እማዬ ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ሄዳ ተማረች። አቢጌልም ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችም፤ ቤት ውስጥ ከዘመድ አዝማድና ከመጽሐፍ ነው የተማረችው፣ በአጻጻፏም ታፍር ነበር።

የእማዬ ደብዳቤዎች ከአንዱ በስተቀር ጠፍተዋል። አባቴ በ1983 ዓ.ም. አሰብን ለቆ ሲመጣ በእጁ የነበረው አንድ ፌስታልና መታወቂያው ነው። የተረፈችው ደብዳቤ ከመታወቂያው ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከካርዱ ጀርባ፣ አራት ታጥፋ፣ ክሯን እንደያዘች ተገኘች። ያገኘኋትም ዘንድሮ ነው፤ እሱ ካረፈ 12 ዓመቱ፣ መታወቂያውን ላደርቅ ስከፍተው። የደብተር ግማሽ ሉክ ናት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ተደርጓል፣ መስመሩን አልጠበቁም። እንዲህ ትላለች፦

«እንደምን ነህ። እኔ ነኝ የጻፍኩት ልጅቷ አይደለችም። የትንሿን እግር በክር ለክቼ ልኬአለሁ። ትንሽ ሰፋ አድርገህ ግዛ ታድጋለች። የፕሪመስ መርፌ እንዳትረሳ።»

ታላቅ እህቴ ቅዳሜ ከሰበታ መጥታ ስታነባት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «አንተ ብላዋለች እኮ» አለችኝ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ለእህቴ ስታጽፋት ሁልጊዜ «እንደምን ሰነበቱ»፣ «ልጆቹ ናፍቀውዎታል» ነበር፤ አንቱ ነው። ልጅ እየሰማ ባልን አንተ ማለት በእሷ ዘመን ነውር ነው። በራሷ እጅ በጻፈችበት ቀን ግን በመካከላቸው ጸሐፊ የለም፣ ሰሚም የለም። አንተ አለችው። አባቴ ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ መርጦ ያቺን መታወቂያው ውስጥ የከተታት ለምን እንደሆነ አሁን የገባኝ ይመስለኛል።

አቢጌልና ጆን ደብዳቤያቸውን ብዙ ጊዜ የሚከፍቱት «ከሁሉ የምወድህ ወዳጄ»፣ «ከሁሉ የምወድሽ ወዳጄ» እየተባባሉ ነው። በአገራቸው ቋንቋ አንተና አንቱ አይለይም፤ እነሱ ቅርበታቸውን ያኖሩት በዚህ በወዳጅነት ቃል ውስጥ ነው። የአባቴ አከፋፈት ደግሞ ይኸው፤ 63ቱም ላይ ያለ ነው ማለት ይቻላል፦ «ይድረስ ለክብርት ባለቤቴ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከአሰብ ሙቀት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።»

ያ ዘመን ፖስታ የሚታመንበት አልነበረም፣ የእነሱም የእኛም። ጆን በ1775 የጻፋቸውን ደብዳቤዎች የያዘ መልእክተኛ በእንግሊዞች እጅ ወድቆ ደብዳቤዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጥተውበታል፤ የሥራ ባልደረባውን ያማበት ጭምር። የሻዩ ታሪክ ደግሞ አለ። በ1776 ጆን ለሚስቱ አንድ ቆርቆሮ አረንጓዴ ሻይ ገዝቶ በሥራ ባልደረባው በኤልብሪጅ ጌሪ እጅ ላከላት። ጌሪ የአዳምስ ቤት የተባለውን ለሌላው አዳምስ፣ ለሳሙኤል አዳምስ ሚስት አደረሰው። አቢጌል ሴትዮዋ ቤት ሄዳ ሻዩን ጠጣች፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ሻይ ከየት አገኘሽ ብላ ጠየቀች፣ ባሌ በጌሪ ላከልኝ የሚል መልስ አገኘች። የራሷን ሻይ እንግዳ ሆና ነው የጠጣችው! የጆን ደብዳቤ ሲደርሳት ነው ነገሩ የተገለጠላት።

እማዬ ይህን ስትሰማ ጎመኑን አስቀመጠችው። የአባቴ ሦስት ተከታታይ ደብዳቤዎች «ቴምሩ ደረሰ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በከባድ መኪና ሹፌር እጅ የተላከ ካርቶን ቴምር ነው። «የኔንም ቴምር የበላ አለ» አለች፣ ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ነገር እንደ ትናንት እያናደዳት። «እኔ ሹፌሩን ነበር የማማው። ለካ ያም ቤት ተሳስቶ ይሆናል።»

አሁን እኔን በሙያዬ የነካኝን ልንገራችሁ። በጁን 1776፣ የነጻነት አዋጁ አንድ ወር ሲቀረው፣ ጆን አዳምስ ትልቅ ባዶ መዝገብ ገዛ። የሚጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ላይ ገልብጦ ሊያስቀር ነው። እኛ ግልባጭ የምንለው ማለት ነው። ይህንንም ለሚስቱ ጻፈላትና አንቺም እንዲህ አድርጊ፣ ከእኔ ይልቅ ያንቺ ደብዳቤዎች ሊቀመጡ የሚገባቸው ናቸው አላት። ይህን ያለው በዓለም ላይ አገር የምትባል ነገር ከባዶ ለማቆም ቀን ከሌት በሚሟገትበት ወር ነው። እሷ በበኩሏ ደጋግማ አቃጥለው ትለው ነበር። አላቃጠለም። የጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት ማርታ ግን ባሏ ከሞተ በኋላ የተጻጻፉትን አቃጠለችው፣ ከጥቂቶች በቀር አልተረፈም። ስለዚህ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት በትዳሩ ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ዛሬ የሚነግረን የለም፤ የሁለተኛውን ስፒል ሳይቀር እናውቃለን።

ያንን ሁሉ ወረቀት ደግሞ በተራ በተራ የያዘው ሰው አለ። ልጁ ጆን ኩዊንሲ በ12 ዓመቱ በ1779 የጀመረውን የቀን ማስታወሻ በ1848 እስኪሞት ድረስ ጻፈ፤ 51 ጥራዝ ነው። በኑዛዜው መጽሐፉና ወረቀቱ እሳት በማይበላው ቤት እንዲቀመጥ አዘዘ። ልጁ ቻርልስ ፍራንሲስ በ1870 ከመኖሪያ ቤታቸው ነጠል አድርጎ ከድንጋይ አሠራለት። እንዲያው እሳት ፈርቶ፣ ለወረቀት ብሎ ቤት! የአያቱን የአቢጌልን ደብዳቤዎች በ1840 መጀመሪያ ያሳተመውም እሱ ነው፤ ለዘመኑ ጆሮ ይከብዳል ያለውን እየዘለለ። ቤተሰቡ በ1905 ለወረቀቱ ባለአደራ አቋቋመ፣ በ1956 ሁሉንም ለታሪክ ማኅበሩ ሰጠ። ገጹ ሁሉ አንሶ ፊልም ላይ (ማይክሮፊልም ይሉታል) ሲነሣ 608 ጥቅል ሞላ። በ1954 የተጀመረው የማረምና የማሳተም ሥራ እስካሁን አላለቀም።

እኔ ጋ ያለው አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ግን አንድ ቀን ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ስጠብቅ ኮሎ ገዝቼ መጠቅለያው ላይ «ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ» የሚል ያየሁትን አልረሳም። ኮሎውን ኪሴ ገልብጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት፤ ከሦስተኛው መስመር በታች ተቀዷል። ተመልሼ ሻጯን ቀሪው የት አለ ብላት፣ «እህቴ፣ በኪሎ ነው የምገዛው» አለችኝ። የማን ወንድም እንደሆነ፣ ከየት እንደተጻፈለት፣ ደርሶት እንደሆነ አላውቅም። እሷ ምን ታድርግ፣ ልጆቿን የምታሳድግበት ነው። ያሳዘነኝ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ በኪሎ የሸጠው ሰው ነው፤ ምናልባት እሱም እንደኔ ቤቱ ጠቦት ይሆናል።

ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ። ቢሮ እንደማደርገው አደረግሁ፦ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ማኅደር፣ በአንድ የመስመር ደብተር ላይ መዝገብ። ቁጥሩን በእርሳስ፣ ከጀርባው ጥግ ላይ፤ ቢክ አይነካውም። የዛጉትን አግራፎች አንድ በአንድ ነቀልኩ። ቀን ያለው ቀኑን፣ ቀን የሌለውን እማዬን እየጠየቅሁ። የእማዬ አቆጣጠር ሌላ ነው። «ይሄ የመጣው የጎረቤታችን ልጅ የተዳረች ሰሞን ነው።» «ይሄ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ የነበረ ጊዜ።» እንዳለችው ጻፍኩት፤ ወደ ዓመተ ምሕረት የሚመልሰው ይመልሰው።

አንድ ማታ ስለ 1777 አነበብኩላት። አቢጌል ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ባሏ ሩቅ ነው። ሕፃኑ ደህና እንዳልሆነ ልቧ ነግሯታል። ጁላይ 10 ምጥ ጀምሯት ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር፤ ልሸሸው የማልችለውን ልሸከም ብዕሬን ላስቀምጥ ብላ ታቆማለች፣ ሕመሙ ጋብ ሲል ቻልኩት፣ ብዕሬን መልሼ አነሣሁ ብላ ትቀጥላለች። በማግሥቱ ሴት ልጅ ሞታ ተወለደች። ኤልሳቤጥ ሊሏት ነበር። ጆን ዜናውን ሲሰማ አይቶ ለማያውቀው ሕፃን እንዲህ ያለ ፍቅር እንዴት ሊያድርበት እንደቻለ እየገረመው ጻፈላት።

እማዬ ምንም አላለችም። ተነሥታ ወደ መኝታዋ ሄደች።

ጠዋት ቡና አፍልታ፣ ሁለተኛውን ከቀዳች በኋላ፣ «ከዚያ ከተጻፈበት ውስጥ አንዱን ስጪኝ» አለችኝ። የቱን ብዬ አልጠየቅኋትም። ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ብላ ራሷ ፈለገችው፤ ፖስታውን እንጂ ውስጡን ሳታይ አወቀችው። ማኅተሙ የ1975 ነው። ታላቅ እህቴ እንደነገረችኝ በዚያ ዓመት ከእኔ ታች አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ አባቴ ሳያየው፣ ክርስትና ሳይደርስ ነው የተቀበረው። ስለዚህ ነገር እማዬ ከእኔ ጋር ተነጋግራ አታውቅም።

«ላንብብልሽ?» አልኳት። ዓይኗ ደክሟል፣ መነጽሯም አልተቀየረም።

«አይ፣ ልጄ። ይሄንን እኔ አነበዋለሁ።»

ደብዳቤውን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። እኔ ቢሮ ውስጥ ማኅደር ለኃላፊ ሲወጣ እንደማደርገው በቦታው ወረቀት አስገባሁ፣ በመዝገቡም ላይ እንዲህ ብዬ ሞላሁ፦ ቁጥር 41፤ ከአሰብ፤ 1975፤ አንድ ገጽ፤ ማኅደሩ እማዬ ዘንድ።